መበለቲቱ ክሊኮ እና የሻምፓኝ ሁለት ዕድሜ

የሻምፓኝን ታሪክ የሚዳስሱ ጽሑፎች ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳንን የሚያነሷት ባመዛኙ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ ባሏ ሞቶባት የንግድ ቤቱን በራሷ አመራር ማቆየቷ ነው። ሁለተኛው፣ ጠርሙሱን በአፉ ዘቅዝቆ አተላውን ቀስ በቀስ ወደ ቡሹ የማውረድ ዘዴ በስሟ መጠራቱ ነው። ሁለቱም ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የሥራ ዘመኗን ዐበይት ክንውኖች በቅደም ተከተል ለሚመረምር ሰው፣ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ክር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም በጠርሙስ የታሸገ አረፋማ ወይን ጠጅ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዓይነት ስፍራ ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ንግዷን ሊያከስር የተቃረበውም፣ በኋላ ያበለጸገውም ይኸው ጥያቄ ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪኳን በዚህ ጥያቄ በኩል ለመተረክ ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛችን ሻምፓኝ የሚለው ስም ቡሹ እየፈነጠረ የሚከፈተውን መጠጥ ሁሉ ያጠቃልላል። እዚህ ግን የሚያመለክተው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሬምስና በኤፐርኔ ከተሞች ዙሪያ ባለው የሻምፓኝ ምድር የሚመረተውን ብቻ ነው።

ባርብ ኒኮል በዲሴምበር 16 ቀን 1777 በሬምስ ተወለደች። አባቷ ኒኮላ ፖንሳርዳን የታወቀ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ሲሆን እንደ ጊዜው ማደር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የአብዮቱን ዘመን ሀብቱን ሳያጣ አልፎ፣ በናፖሊዮን ዘመን የባሮንነት ማዕረግና የከተማይቱን ከንቲባነት አገኘ። ልጁን በ1798 ያገባት ፍራንስዋ ክሊኮም የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። የፍራንስዋ አባት ፊሊፕ ክሊኮ በ1772 ከጨርቅ ንግዱ ጎን የወይን ጠጅ ንግድ ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የቤተሰቡ ዋና መተዳደሪያ አልሆነም። ሠርጉ በምድር ቤት፣ በወይን ጠጅ በርሜሎች መካከል ተፈጸመ ይባላል፤ ምክንያቱ ደግሞ አብዮቱ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በይፋ መፈጸምን አስቸጋሪ ስላደረገው ነው። ታሪኩ ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ከመጠን በላይ የሚመች ስለሆነ አቅራቢው በጥርጣሬ ይመለከተዋል። በቀጣዩ ዓመት አንድ ልጃቸው ክሌማንቲን ተወለደች።

ወጣቶቹ ባልና ሚስት ወይን ጠጁን ዋና ሥራቸው ለማድረግ ሲነሡ የሻምፓኝ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር መረዳት ለቀጣዩ ታሪክ ወሳኝ ነው። ወይን ጠጁ አረፋማ የሚሆነው በጠርሙስ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲብላላ ነው። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ በወይን ጠጁ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ዛሬ በሚታወቀው ስሌት በአንድ ሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል። በመሆኑም 24 ግራም ስኳር የተጨመረበት ጠርሙስ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት እጥፍ ያህል ግፊት ይሸከማል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግፊቱም ያድጋል። በ1800 አካባቢ ግን ይህን ስሌት የሚያውቅ አልነበረም። በወይን ጠጁ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለመለካት የሚያስችለውን ዘዴ የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባቲስት ፍራንስዋ ያሳተመው በ1830ዎቹ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ መጠኑ የሚወሰነው በግምት ነበር። ጠርሙሶቹ በአፍ እየተነፉ ስለሚሠሩ ውፍረታቸው እኩል አይደለም። የበጋው ሙቀት ወደ ምድር ቤቱ ሲገባ አንዱ ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ስብርባሪው ጎረቤቱን ይመታል፤ ያም በተራው ይፈነዳል። ሠራተኞች ፊታቸውን በብረት ጭምብል ሸፍነው የሚገቡት ለዚህ ነበር። የመንግሥት ሕግ እንኳ የማቆያውን ችግር ያውቅ ነበር፤ የሻምፓኝ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ እንዲጓጓዝ የተፈቀደው በ1728 ሲሆን፣ በ1735 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ የጠርሙሱን ክብደትና የቡሹን አስተሳሰር ሳይቀር ወስኗል።

ከዚህ ሁሉ ችግር ጋር አንድ መልካም ነገር ነበረ፤ የከተማይቱ መሬት። ሬምስ የተመሠረተችው በጠመኔ ድንጋይ ላይ ነው። ጠመኔው በቀላሉ ይቆፈራል፤ ውኃ ይመጥጣል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜን በዝግታ ያስተላልፋል። በጥልቅ የተቆፈረ ምድር ቤት ክረምት ከበጋ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት ይጸናል፤ እርጥበቱ ቡሹ እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ጨለማው ደግሞ ወይን ጠጁን ከብርሃን ይሸሽገዋል። የብርሃን ጉዳት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የወይን ጠጁ ተፈጥሯዊ አካል የሆነው ራይቦፍላቪን ሰማያዊና ከሐምራዊው በላይ ያለውን ብርሃን ሲቀበል፣ ድኝ ያለባቸው ውሕዶች ተፈጥረው መጠጡ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ጠረን ያመጣል፤ ይህን ለመከላከል ነጭ ጠርሙስ ከሞላ ጎደል ምንም አይረዳም፣ ጥቁር አረንጓዴው ግን ብዙ ይረዳል። በየሳሎናችን ቡፌ ላይ መስኮት እያየ ለዓመታት የሠርግ መታሰቢያ ሆኖ የሚቆም ጠርሙስ ምን እየደረሰበት እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ፍራንስዋ በኦክቶበር 1805 በትኩሳት ሞተ። አባቱ ፊሊፕ በሐዘን ተሰብሮ ንግዱን ሊዘጋ ወሰነ። ባርብ ኒኮል የዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ልጇ ደግሞ ስድስት። አማቷን አግባብታ የወይን ጠጁን ሥራ ለመቀጠል ፈቃድና መነሻ ገንዘብ አገኘች፤ አማቷ ግን ልምድ ካለው ነጋዴ ከአሌክሳንደር ፉርኖ ጋር በሽርክና እንድትሠራ አደረገ፤ ሽርክናው አራት ዓመት ቆየ። እዚህ ላይ የሕጉ ሁኔታ መጠቀስ ይገባዋል። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባችን ሴት በባሏ ሥልጣን ሥር ያደረገ ሲሆን፣ መበለት ግን በራሷ ስም ውል መዋዋልና መነገድ ትችል ነበር። የንግድ ቤቱ ስም መበለት ክሊኮ መሆኑ የሐዘን መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ የሕጋዊ ችሎታ ማስረጃም ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ወዲያው መጣ። ጊዜው ናፖሊዮንና እንግሊዝ በባሕር እገዳ የሚተናነቁበት ነበር። የሕይወት ታሪኳ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ባርብ ኒኮል በ1806 ከክምችቷ ከፍተኛውን ድርሻ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ገበያዎች እንዲሻገር ወደ አምስተርዳም ላከች። ወደቡ ተዘጋ። ጠርሙሶቹ ባልተዘጋጀ መጋዘን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተከማችተው ቆዩ፤ ወይን ጠጁም በአብዛኛው ተበላሸ። ለአንዲት ጀማሪ ነጋዴ ይህ ንግድን የሚያዘጋ ኪሳራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ የአምስተርዳሙ ኪሳራ በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ከተሰጠው ቦታ የላቀ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱን ለማሳየት ግን ከታሪኩ ለአፍታ ወጥቶ ወደ ጠርሙሱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

በጠርሙስ ውስጥ ያለ ሻምፓኝ አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ የቆይታ ዘመናት አሉት። በመጀመሪያው ዘመን ወይን ጠጁ ከእርሾው አተላ ጋር ይኖራል። እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይሞታል፤ ሕዋሳቱ በራሳቸው ኢንዛይም እየፈራረሱ አሚኖ አሲዶችንና ሌሎች ውሕዶችን ወደ መጠጡ ይለቅቃሉ፤ የዳቦና የለውዝ ጣዕም የሚሰጡትም እነዚህ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አተላው በቡሹ በኩል ሰርጎ የሚገባውን ጥቂት ኦክሲጅን ይቀበላል፤ በዚህ ምክንያት ወይን ጠጁ ከአተላው ጋር እስካለ ድረስ የሚያረጀው እጅግ በዝግታ ነው። ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው ጠርሙሱ ተከፍቶ አተላው ከወጣ፣ ስኳር ያለበት ወይን ጠጅ ተጨምሮበት በአዲስ ቡሽ ከታሸገ በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠባቂው የለም። ሙቀት ያለበት መጋዘን በመጀመሪያው ዘመን ላይ ላለ ጠርሙስ የመፈንዳት አደጋ ሲሆን፣ በሁለተኛው ዘመን ላይ ላለው ደግሞ የፈጣን እርጅና ምክንያት ነው። ዛሬ የሻምፓኝ ደንብ የአንድ ዓመት ምርት ያልሆነው ቅይጥ ወይን ጠጅ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 15 ወር በምድር ቤት እንዲቆይ፣ ከዚህም 12ቱን ወር ከአተላው ጋር እንዲያሳልፍ ያስገድዳል፤ በምርት ዘመኑ ለሚሰየመው ደግሞ 3 ዓመት ይጠይቃል።

ለመላክ የሚዘጋጅ ወይን ጠጅ ከጉዞው በፊት አተላው እየወጣ በየገበያው ምላስ ልክ ስኳር የሚጨመርበት ስለነበር፣ በአምስተርዳም የተበላሸው ክምችት በሁለተኛው ዘመን ላይ የነበረ ሳይሆን አይቀርም። ባርብ ኒኮል ይህን በሳይንስ ቋንቋ ልታስረዳ አትችልም ነበር። በዚያን ጊዜ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ እንኳ አልተረጋገጠም፤ ሉዊ ፓስተር ስለ ወይን ጠጅ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እርሷ በሞተችበት በ1866 ነው። የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ በሬምስ ጠመኔ ሥር የሚቆይ ጠርሙስና በወደብ መጋዘን የሚቆይ ጠርሙስ አንድ አለመሆናቸውን።

በ1810 ከፉርኖ ጋር የነበራት ሽርክና አበቃ፤ ቤቱ መበለት ክሊኮ ፖንሳርዳን የሚለውን ስም ያዘ። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ሰማይ ላይ ለወራት የሚታይ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ወጣ፤ የዚያ ዓመት የወይን ለቀማም እጅግ ያማረ ሆነ። ገበሬውም ነጋዴውም ሁለቱን አያያዛቸው፤ የ1811 ምርት የኮከቡ ወይን ጠጅ ተባለ። ገዢ ግን አልነበረም። ሩሲያ በ1810 መጨረሻ ባወጣችው የጉምሩክ ደንብ የፈረንሳይን የጠርሙስ ወይን ጠጅ ከልክላ ነበር፤ ከዚያ የ1812 ጦርነት ተከተለ። ስለዚህ ከለቀማው ቀጥሎ ባለው የጸደይ ወራት በጠርሙስ የገባው ያ ምርጥ ምርት ሳይሸጥ በምድር ቤት ቀረ። ለሒሳብ ደብተሯ መርዶ የነበረው ለወይን ጠጁ ሲሳይ ነበር። የመዘግየቱ ጥቅም በወቅቱ ታስቦበት የተደረገ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ፣ ብልሃቷ ነው ብሎ ማሞገስ ተገቢ አይሆንም፤ ያስገደዳት ጦርነቱ ነው።

በ1814 መጀመሪያ ጦርነቱ ራሱ ወደ ሬምስ መጣ። ከተማይቱ በሩሲያና በፕሩሲያ ጦር እጅ ገባች፤ ማርች 13 ቀን ናፖሊዮን መልሶ ያዛት፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና አጣት። የሩሲያ መኮንኖች የሬምስን ምድር ቤቶች ወይን ጠጅ ጠጡ። ባርብ ኒኮል ግን ዋናውን ክምችቷን የምድር ቤቱን መግቢያ በግንብ አስዘግታ አተረፈችው ይባላል። ናፖሊዮን በኤፕሪል ከሥልጣን ሲወርድ ሰላሙ በይፋ እስኪጸና አልጠበቀችም። ለረጅም ዓመታት በሰሜን አውሮፓ ሲዞርላት ከነበረው የሽያጭ ወኪሏ ከሉዊ ቦን ጋር በምስጢር ተማክራ፣ በጁን 1814 በአንድ የደች መርከብ 10,550 ጠርሙስ ወደ ባልቲክ ባሕር ወደብ ወደ ኬኒግስበርግ ላከች። ተፎካካሪዎቿ ገና እገዳው ተነሥቷል አልተነሣም እያሉ ሲያመነቱ ወይን ጠጁ መንገድ ላይ ነበር።

ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ንግድ ድፍረት ነው፤ ድፍረት መሆኑም አይካድም። ነገር ግን ጉዞው ከአምስተርዳሙ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው ድፍረቱ ብቻ አይደለም። ጊዜው ሞቃት ወራት ነው፤ መርከቡ ለሳምንታት ይጓዛል፤ ከተፈነዳ ወይም ከደፈረሰ ተመልሶ የሚተካ ክምችት የለም። ቦን ሣጥኖቹን ሲከፍት ጠርሙሶቹን ደህና፣ ወይን ጠጁንም ጥርት ያለና ኃይለኛ ሆኖ አገኘው። ገዢዎች ተሻሙበት፤ ከዚያም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሁለተኛ ጭነት ተከተለ። ሁለት ዓመት ያህል በጠመኔው ቅዝቃዜ ከአተላው ጋር የቆየ ወይን ጠጅ፣ ሳይዘገይ ተጓጉዞ ሳይዘገይ ተሸጠ፤ ሁለተኛው ዘመኑ አጠረ። የአምስተርዳሙ ጭነት የደረሰበት የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ገበያው ሲከፈት አዲስ ማነቆ ብቅ አለ። ትእዛዙ ብዙ ሆነ፤ አተላውን የማስወጣቱ ሥራ ግን በዝግታ የሚሠራ ነበር። አተላው በተጋደመው ጠርሙስ ጎን ላይ ይተኛል፤ ለማስወጣት ከነበሩት መንገዶች አንዱ ጠርሙሱን ከፍቶ ጥሩውን ወይን ጠጅ ወደ ሌላ ጠርሙስ መገልበጥ ነው። በዚህ መንገድ ጋዙ ያመልጣል፤ አየር ይገባል። ማለትም ወይን ጠጁ ሁለተኛውን ዘመን የሚጀምረው ቆስሎ ነው። የክሊኮ ቤት ታሪክ እንደሚለው ባርብ ኒኮል በ1816 ገደማ አንድ ጠረጴዛ አስቦርቡራ ጠርሙሶቹን በአንገታቸው ሰካች፤ በየጊዜው በትንሹ እያንቀጠቀጡ ሩብ ያህል ሲያዞሯቸው አተላው ተንሸራቶ ቡሹ ላይ ተሰበሰበ። ከዚያ ቡሹ ሲነቀል ግፊቱ ራሱ አተላውን ያስወጣዋል፤ የሚጠፋው ወይን ጠጅ ጥቂት ነው። የምድር ቤቱ ኃላፊ አንትዋን ሙለር ደግሞ ቀዳዳዎቹ አግድም ተዳፋት እንዲኖራቸው በማድረግ ዘዴውን አሻሻለው።

የፈጠራውን ባለቤትነት በሚመለከት ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። የወጥ ቤት ጠረጴዛው ታሪክ የመጣው ከንግድ ቤቱ ሲሆን የንግድ ቤት ደግሞ ጀግና ይወዳል። የሙለር ድርሻ ግልጽ ነው፤ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ ጠርሙሶችን በእጃቸው እያዞሩ ስንት ቀን እንደሚበቃ፣ በምን ያህል ኃይል መነቅነቅ እንደሚገባ ያወቁት ሠራተኞች ግን ስማቸው አልተጻፈም። የባርብ ኒኮል የማይካድ ድርሻ ችግሩን መለየቷ፣ ሙከራውን በራሷ ወይን ጠጅ ላይ መፍቀዷና ውጤቱን ለተወሰኑ ዓመታት ከተፎካካሪዎቿ መሸሸጓ ነው። ዘዴው ውሎ አድሮ በአካባቢው ሁሉ ተስፋፋ። ዛሬ ሥራውን በአብዛኛው ማሽን ይሠራዋል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል። በ1818 ቀይ ወይን ጠጅ በመቀላቀል የሚዘጋጅ ሮዜ ሻምፓኝ አቀረበች። ልጇ ክሌማንቲን በ1817 ሉዊ ደ ሼቪኜ የተባለ ኮንት አግብታ ነበር፤ አማቹ ገንዘብ ማጥፋት የሚወድ ሰው ሆነ። ቤቱ በ1820ዎቹ መጨረሻ ከባንክ ሥራ ጋር በተያያዘ ችግር ላይ በወደቀ ጊዜ ያዳነው ከጀርመን የመጣው ሠራተኛዋ ኤድዋርድ ቬርሌ ሲሆን፣ በ1831 ሸሪኳ አደረገችው። እርሱም በኋላ እንደ አባቷ የሬምስ ከንቲባ ሆነ። በ1840ዎቹ ከማርን ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታ የቡርሶን ቤተ መንግሥት አሠርታ በዚያ አረጀች፤ ጁላይ 29 ቀን 1866 በሰማንያ ስምንት ዓመቷ አረፈች። በአምስተርዳም መጋዘን ውስጥ ሊጠፋ የነበረው ንግድ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ የሚልክ ቤት ሆኖ ነበር።

ከሞተች ከ144 ዓመት በኋላ የቆይታው ጥያቄ ባልተጠበቀ ስፍራ እንደገና ተነሣ። በጁላይ 2010 በፊንላንድ ኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ጠላቂ ዋናተኞች 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አንድ የሰመጠ መርከብ አገኙ። ከጭነቱ ውስጥ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች ወጡ። የወረቀት መለያቸው ጠፍቷል፤ የዡግላር፣ የሃይድሲክና የክሊኮ ቤቶች መሆናቸው የታወቀው ቡሾቹ ላይ ካለው ምልክት ነው። በክሊኮው ቡሽ ላይ የነበረው ምልክት የ1811ዱ ጅራታም ኮከብ ነበር።

ፊሊፕ ዣንዴ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በ2015 ያሳተመው የኬሚስትሪ ትንታኔ እንደሚያሳየው፣ 170 ዓመት ገደማ የሆነው ወይን ጠጅ በሚያስገርም ሁኔታ ተጠብቆ ቆይቷል። ስኳሩ በሊትር ወደ 150 ግራም ይጠጋል፤ ዛሬ ብሩት የሚባለው ከ12 ግራም አይበልጥም። አልኮሉ ከዛሬው ያነሰ ነው። ከፍ ያለ የብረት መጠንም ተገኝቶበታል፤ ይህም ከበርሜል ምስማር የመጣ ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። የባሕሩ ወለል ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሲሆን ጨለማው ፍጹም ነው፤ የባልቲክ ውኃም ጨዋማነቱ ዝቅተኛ ነው። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። 50 ሜትር ውኃ በጠርሙሱ ላይ አምስት የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል፤ ከውጭ የሚጫነውና ከውስጥ የሚገፋው ተቀራራቢ ስለሆኑ ቡሹ በምድር ላይ ካለው ያነሰ ፍልሚያ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ አንዳንዶቹ ጠርሙሶች የባሕር ውኃ ገብቶባቸው ተበላሽተዋል።

እነዚህ ጠርሙሶች ስኳር የተጨመረባቸው፣ አተላቸው የወጣላቸው፣ ለጉዞ የተዘጋጁ ነበሩ። ማለትም እንደ አምስተርዳሙ ክምችት በሁለተኛው ዘመናቸው ላይ ያሉ፣ ጠባቂ የሌላቸው ነበሩ። በአንዱ ስፍራ ወይን ጠጁ ፈጥኖ ጠፋ፤ በሌላው አንድ ክፍለ ዘመን ተኩል አልፎም ሊጠጣ ቻለ። አተላው የሚሰጠውን ጥበቃ ቅዝቃዜና ጨለማ በከፊል ሊተኩት እንደሚችሉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ንጽጽር ማግኘት ይከብዳል።

አረፋው ግን አልተረፈም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቡሹ በኩል በአብዛኛው አምልጧል፤ የቀመሱት ሰዎች ምላስ ላይ ቀለል ያለ መቆንጠጥ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህም ከሌላ ጥናት ጋር ይስማማል። የሬምስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ያሳተሙት ሥራ የአሮጌ ጠርሙሶችን የጋዝ መጠን ለክቶ፣ አንድ ሻምፓኝ አረፋ የማፍለቅ ችሎታውን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ ለተራው 75 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ 40 ዓመት፣ ለ1.5 ሊትሩ 82 ዓመት፣ ለ3 ሊትሩ 132 ዓመት ያህል አድርጎ ገምቷል። ትልቁ ጠርሙስ የሚበልጠው በቡሹ በኩል የሚያልፈው ጋዝ ከያዘው ፈሳሽ ብዛት አንጻር አነስተኛ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከላይ ሁለት የተባሉት የቆይታ ዘመናት ላይ ሌላ ክፍፍል መጨመር ይኖርበታል፤ የአረፋው ዕድሜና የወይን ጠጁ ዕድሜ አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው ከፊተኛው እጅግ ሊረዝም ይችላል። ስለ ሻምፓኝ ቆይታ የሚሰጡ ምክሮች እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉት ብዙ ጊዜ ስለየትኛው ዕድሜ እንደሚናገሩ ስለማይለዩ ነው።

የክሊኮ ቤት በ2014 ከአዲሱ ምርቱ የተወሰኑ ጠርሙሶችን በዚያው በኦላንድ አጠገብ ወደ ባሕሩ ወለል አውርዶ፣ ተመሳሳዮቻቸውን በሬምስ ምድር ቤት አኑሯል፤ ለአሥርተ ዓመታት እያወጣ ሊያነጻጽራቸው ነው። ከሰመጠው መርከብ የወጡትን የቀመሱት ባለሙያዎች ደግሞ የመጀመሪያው ሽታ የእርጥብ ጸጉርና የአይብ ሽታ እንደነበረ ተናግረዋል። ብርጭቆውን ሲያንቀሳቅሱትና ወይን ጠጁ አየር ሲያገኝ ያ ሽታ ለቀቀ፤ በምትኩ የተጠበሰ ነገር፣ የቅመም፣ የጢስና የቆዳ ጠረን መጣ፤ ከእነዚህም ጋር የፍራፍሬና የአበባ ጠረን ነበረበት።